ሰሚው አልገባውም

እኔ መንፈስ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የማጫውታችሁን ስትሰሙ «ይሄ ሽማግሌ ድሮም ቦቅቧቃ ነበር» እንዳትሉኝ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት አትክልተኛ ሆኜ ስሠራ እባብ በእጄ ይዤ ከግቢ አውጥቻለሁ። አንድ ማለዳ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ጽጌረዳዎቼ መሀል ቆሞ አግኝቼው «እንዴት አደርክ» ብዬው በጎኑ አልፌያለሁ። በዘመኔ የፈራሁት አንድ የአስተዳደር ኃላፊ ብቻ ነው፤ እሱም በሕይወት ያለ ሰው ነበር።

ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰባት የተማሩ ሴቶች መሀል ተቀምጬ ፈራሁ። ያስፈራኝም ወረቀት ነው።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ ችኮላ የለብኝም፤ እናንተ ካለባችሁ ታገሡኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ የስብሰባ ክፍል ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እከፍታለሁ፤ የሚጽፉ ሴቶች ይመጣሉ። ሰባት ናቸው። አለቃቸው ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር መምህርት ሰላማዊት የምትባል ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቀስ ብላ ስትናገር ግን ሁሉም ዝም የሚልላት። በየወሩ አንድ ወረቀት ያሳትማሉ። በፊት ለፊቱ ወሬ አለ፤ የማን ግጥም የት እንደወጣ፣ የጽሑፍ ውድድር መቼ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ልጅ ያዘለች እናት እንደሚያስገባ፣ ኮምፒውተር የሌላት ሴት በየትኛው ቀን መጥታ ማስተየብ እንደምትችል። በጀርባው ደግሞ አንድ ታሪክ ይወጣል። ወረቀቱን ከፒያሳ ካፌዎች ጀምሬ እስከ ሐይቅ ዳር እየዞርኩ የምለጥፈው እኔ ነኝ። የተረፈውን ለባለቤቴ ለዘነበች እወስድላታለሁ፤ የቁም ሣጥኑን መደርደሪያ ታለብስበታለች። እንዲያ ነበር የሚመስለኝ።

ከመለጠፍ ሌላ አንድ ሹመት አለኝ። «ሰሚ» ነኝ። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ሦስተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ እንደ አራተኛ ቢቆጠርልኝ ደስ ይለኛል። ሰላማዊት አንድ ቀን ቁልፍ ልቀበላት ስል «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡልን። ለእርስዎ የገባ ታሪክ ለሁሉም ይገባል» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ተቀመጥኩ።

ደንባቸው እንዲህ ነው። ጽሑፉ ሁሉ ስም ሳይጻፍበት በር ላይ ከተሰቀለው የእንጨት ሣጥን ይገባል። ትርሲት የምትባል ድምፀ መረዋ ነርስ አለች፤ እሷ ጀርባዋን ለእኛ፣ ፊቷን ለመስኮቱ ሰጥታ ሁሉንም ታነባለች። የማን እንደሆነ በዓይኗ እንዳታስታውቅ ነው፤ ፊት ያዳላል፣ ጀርባ አያዳላም። አንብባ ስትጨርስ እኔ «ገባኝ» ወይም «አልገባኝም» እላለሁ። ገባኝ ካልኩ የገባኝን ተነሥቼ በራሴ አፍ መልሼ መተረክ አለብኝ። አልገባኝም ካልኩ ወረቀቱ ላይ «ሰሚው አልገባውም» ተብሎ ይጻፍና ከሣጥኑ በታች ባለችው የጨርቅ ኪስ ይቀመጣል፤ ባለቤቷ በሰዋራ ወስዳ አስተካክላ ትመልሰዋለች። ሦስት ጊዜ አልገባኝም የተባለ ጽሑፍ ቀረ። ሰባት የተማሩ ሴቶች አንድ ሦስተኛ ክፍል ደጋሚ አፍ አፉን ያዩታል ማለት ነው። እግዜር ሲሾም ደረት አይለካም።

ሣጥኑ ለሁሉም ሴት ክፍት ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሁልጊዜ ይጻፋል፤ «ስም አንጠይቅም፣ ዕድሜ አንጠይቅም፣ ትምህርት አንጠይቅም»። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ከሰባቱ በቀር ማንም ምንም አላስገባም፤ አንዴ የለውዝ ቅርፊት፣ አንዴ የባጃጅ መለዋወጫ ማስታወቂያ ብቻ ተገኘበት።

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ሣጥኑን ስከፍት ስምንት ወረቀት ወጣ።

ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «ከውጭ ሰው መጣልን!» አለች ሰላማዊት። እኔም ደስ አለኝ። ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞረች። ነፋስ ከሐይቁ በኩል ይመጣል፤ ጣራው ላይ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ ሲራመዱ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ይላል። የእጅ ጽሑፉ አዲስ የሆነውን አንሥታ ማንበብ ጀመረች።

«በአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። አንዱ፣ ሌላ ሰው በቤቱ መኖሩን አያውቅም። የማያውቀው ሽማግሌ ነው። ራዲዮኑ ‹ጤና ይስጥልኝ› ሲል ‹አብሮ ይስጥልን› ብሎ ይመልሳል። ከመቀመጡ በፊት በርጩማውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ የተቀመጠ ሰው እንዲነሣለት ይመስላል። የደም ግፊት ኪኒኑን ‹ዋጥኩ› ይላል። አይውጥም። በረንዳው ላይ ካለችው የጥብስ ቅጠል ሥር ይቀብረዋል። ማንም የሚያየው አይመስለውም። አያለሁ። ሁልጊዜ አያለሁ።»

ለራዲዮ የሚመልስ ሽማግሌ ሐዋሳ ውስጥ ሞልቷል እንበል። በርጩማ የሚመታም አይጠፋም። ኪኒኗን ግን የምናውቀው እኔ፣ ፈጣሪና የጥብስ ቅጠሏ ብቻ ነን። (በነገራችን ላይ ቅጠሏ እንዲያ አምሮባት አታውቅም። ግፊቷ መልካም ነው መሰለኝ።)

«ጋሼ፣ ገባዎት?» አለች ሰላማዊት።

«አልገባኝም» አልኩ።

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም ጋ።»

ዋሸሁ። ምን ላድርግ? ታሪኩ ከታተመ በገዛ እጄ ከተማውን ዞሬ ልለጥፈው ነው። ደግሞም ሳላውቀው የሚያየኝ መንፈስ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? መንፈስ ደግሞ አንዴ ስሙ በወረቀት ከወጣ የቤቱ ባለቤት ይሆናል፤ ማን ያስወጣዋል?

ቤቴ ገባሁ። ልቀመጥ ስል በርጩማውን ልመታ ያነሣሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። ያ አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት ጥግ ጥጉ ሁሉ ዓይን አወጣ። የግድግዳው ስንጥቅ ያየኛል፣ የኮርኒሱ የዝናብ እድፍ ያየኛል። ዘነቡ ከጓዳ ትወጣለች፣ ትገባለች። ድምፅ የላትም፤ ድሮም ድምፅ የላትም።

«ኪኒንህን ዋጥክ?» አለችኝ።

ወደ ኮርኒሱ ቀና ብዬ፣ ለሚሰማው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ዋጥኩ!» አልኩ።

በማግሥቱ ወዳጄ ላንቃሞ ዘንድ ሄድኩ። ላንቃሞ ዕድሜውን ሐይቁ ላይ ጀልባ ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ነው፤ ውሃ ላይ የኖረ ሰው ብዙ ያያል ብዬ ነው። ነገሩን ሹክ አልኩት። ሐይቁን ትክ ብሎ አየና «አንተን?» አለኝ።

«እኔን።»

«አንተን ምን ብሎ ነው የሚያይህ? እኔ መንፈስ ብሆን ካንተ ይልቅ ጎረቤቴን አይ ነበር፤ ሁለት ሚስቶች አሉት።»

«አትቀልድ፣ ላንቃሞ።»

«እሺ። የሚያይህ ነገር ልማድህን ያወቀ ነው። ልማድህን ቀይርበት፤ መንገዱ ይጠፋበታል።»

ቀየርኩበት። በጀርባዬ ወደ ቤት መግባት ጀመርኩ። ጫማዬን ጤፉ በርሜል ውስጥ ደበቅኩ። ምሳዬን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ። ጠበል አምጥቼ ከሁሉ በፊት የለፈለፈብኝ እሱ ነው ብዬ ራዲዮኑን ረጨሁት፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጭጭ አለ። ዘነቡ ይህን ሁሉ እያየች አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንዲያውም ያን ሰሞን ፊቷ ፈካ ፈካ ብሎ ነበር። «እኔ በመንፈስ ተይዤ እሷ ታምርብኛለች» ብዬ በሆዴ ታዘብኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። ስምንት ወረቀት ወጣ። ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አንድ ሰው አልገባውም አሉ። ቀለል አድርጌ ልጻፍ። ሽማግሌው አሁን ወደ ቤቱ በጀርባው ይገባል። ጫማውን ጤፍ በርሜል ውስጥ ይደብቃል። ግድግዳውን እያየ ይበላል። ራዲዮኑን አጠመቀው፣ ራዲዮኑም ዐረፈ። ከማን እንደሚሸሽ አያውቅም። የሚሸሸው ነገር ግን ከጎኑ ተኝቶ ያድራል።»

ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። «ከጎኑ»! ከጎኔ የምትተኛው ዘነቡ ናት። በሌላው ጎኔ ያለው ግድግዳው ነው። በእኔና በግድግዳው መሀል አንድ ስንዝር ታህል ክፍተት አለች፤ እሷ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቀጭን መንፈስ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ?» አለች ሰላማዊት።

«አልገባኝም።»

ትርሲት ደንቡን ጥሳ ዞረች። «ጋሼ ይሙቱ! ይህ ያልገባዎት እንዴት ነው? ባለፈው እኔ ስለ ጨረቃ የጻፍኩትን ‹ገባኝ› ብለዋል። የጻፍኩት እኔ ራሴ እንኳ አልገባኝም!»

ሳቅ ሆነ። ሰላማዊት ግን አልሳቀችም። ሌሎቹ ወጥተው ወንበር ስደረድር ቀረት አለችና ቀስ ብላ ተናገረችኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሣጥን ሰቅለን ጠበቅን። አንዲት ሴት መጣች። በሦስተኛው አልገባኝም ካሉ ደንብ ነው፣ ይቀራል። እኔ ግን እንዲህ ያለች ሴት አራተኛ የምትሞክር አይመስለኝም። ተመልሳ ዝም ትላለች። እንደሱ ያሉ አውቃለሁ።»

ያን ቀን መንፈሷን ከመፍራት ሌላ አሳዘነችኝም። እንዲህ ያለ ድብልቅ አትዩ፤ እየፈሩ ማዘን።

ስለዚህ ዓይኗን ልያት ቆረጥኩ። ወረቀቱን ከጨርቅ ኪሷ ለመውሰድ መምጣቷ አይቀርም። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከክፍሏ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ባጃጅ እንኳ የለም። ጣራው ላይ አምስት አባ ኮዳ በአንድ እግር ቆመው፣ መላጣቸውን አቀርቅረው፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ያዩኛል፤ እንደ ሐዘንተኛ ሽማግሌዎች። ኪሷ በነፋስ እብጥ ትላለች፣ ትሟሽሻለች፣ እብጥ ትላለች። የምትተነፍስ ይመስላል። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። አየሁ። አየሁ።

«አንተ ሰውዬ!»

ዘልዬ ተነሣሁ። ዘነቡ ናት፤ የገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ቆማለች። ለካ እንቅልፍ ጥሎኛል።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ? ምሳህ በረደ እኮ።»

«ክፍሏን... እየጠበቅኩ ነው።»

«ተነሥ፣ እንሂድ።»

ስነሣ ከሣጥኑ ሥር ያለችውን የጨርቅ ኪስ አየሁ። ባዶ! ከአፍንጫዬ ሥር ወሰደችው! «ሰው አላየሽም? እዚህ ጋ ያለፈ?» አልኳት።

«ማንም የለም» አለች። «እኔና አንተ ብቻ ነን።»

መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላዬ እየዞርኩ አየሁ። ዘነቡ ቀድማኝ ትሄዳለች። ቤት ደረስን፣ ምሳ በላሁ፣ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ነው የሄድኩት። ስምንተኛዋ ወረቀት ግማሽ ገጽ እንኳ አትሞላም። ትርሲት ዞረች።

«በአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። ማክሰኞ ሽማግሌውን ዛፍ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ቀሰቀስኩት። እዚያ ሰፈር ገበያ የለም። ለምን ወደዚያ እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ዘንቢሌ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። ምሳ በላ፣ ተኛ። ጠይቆኝ አያውቅም። ልጆቻችንን ወልጄ አሳድጌ ዳርኩ፤ አልጠየቀኝም። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ እንዳለሁ አያውቅም። ይህም ካልገባ ከዚህ የበለጠ ማቅለል አልችልም።»

ጨረሰች።

እኔ ስለሆንኩት ነገር ምን ልበላችሁ? ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ያን ሁሉ ሰሞን ኮርኒስ ላይ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ ራዲዮ ውስጥ ስፈልገው የነበረው ዓይን ፊት አወጣ። ፊቱም ዘንቢል ይዞ ከፊቴ ከፊቴ ሲሄድ የነበረው ነው።

«ጋሼ» አለች ሰላማዊት፤ ድምፅዋ ይፈራል። «ሦስተኛው ነው።»

«ገባኝ» አልኩ።

አንዷ እጇን አጨበጨበች። ሰላማዊት ግን ደንብ አትረሳም። «ይተርኩልና።»

ተነሣሁ። «አንድ ሰው ነበረ» አልኩ። «ሚስት አለችው። ራዲዮ ሲያናግረው ይመልሳል። እሷን ግን ‹እንዴት ዋልሽ› ብሎ... ማለቴ፣ ምሳ ስታቀርብ ይበላል። ከየት ነው የመጣሽ አይላትም። ዛፍ ሥር ስትቀሰቅሰኝ እንኳ...»

«ጋሼ» አለች ትርሲት ጀርባዋን እንደሰጠች። «ታሪኩ ‹ቀሰቀስኩት› ነው የሚለው። እርስዎ ‹ስትቀሰቅሰኝ› አሉ።»

ሰባቱም ያዩኛል። ትርሲት እንኳ ዞረች።

«አዎ» አልኩ። «ስትቀሰቅሰኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መተረክ አልቻልኩም። ደግነቱ አልጠየቁኝም። ሰላማዊት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ቆየችና «ሰሚውን ያለፈ ጽሑፍ፣ ባለቤቷ ከፈቀደች ስም ይጻፍበታል። የማን ብለን እንጻፍ?» አለች።

ስሟ አፌ ላይ ነበር። መለስኩት። «እኔ አልናገርም» አልኩ። «ሄጄ ልጠይቃት።»

ቤቴ በፊቴ ገባሁ። ዘነቡ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቀና አላለችም።

«ዘነቡ።»

«አቤት።»

«ልጠይቅሽ ነበር።»

ጣቶቿ ጎመኑ ላይ ቆሙ። በትዳራችን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ምን?»

«ስምሽ ይጻፍ ወይ?»

«የት?» አላለችም። ቅጠሏን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠች። «ገባህ ማለት ነው።»

«ገባኝ። ቆይ እንጂ፣ መጻፍ መቼ ተማርሽ?»

«በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ቆመው አጨበጨቡልኝ። ያን ቀን ቤት መጥቼ እራት አቀረብኩልህ፤ ጨው በዛ አልከኝ።» ጎመኑን ገፋ አደረገች። «በስንተኛው ነው የገባህ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «መጀመሪያውኑ ቃሉ ገብቶኝ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አልገባኝም አልክ?»

«ፈርቼ።»

«ምን?»

«መንፈስ መስሎኝ።»

ሳቀች። ዘነቡ ሳቀች! የጎረቤት ዶሮዎች እስኪደነግጡ ሳቀች፤ እኔም ስታስቀኝ አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቋ በቢላዋ እንደተቆረጠ ቆመ።

«ቆይ» አለችኝ። «በቤትህ የሚያይህ እንዳለ አወቅክ።»

«አወቅኩ።»

«ኪኒን የት እንደምትቀብር የሚያውቅ። ጫማህን ከጤፍ ውስጥ አውጥቶ የሚጠርግልህ። ከጎንህ ተኝቶ የሚያድር።»

«አዎ።»

«ማን ይሆን ብለህ አሰብክ፣ አሰብክና... መንፈስ ነው አልክ? እኔ በሐሳብህ አልመጣሁልህም?»

መሽቶ ነበር መሰለኝ፤ ሁለታችንም መብራት ለማብራት አልተነሣንም፤ ፊቷ ደብዝዞ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል።

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተነሣች። «ስሜ ይጻፍ» አለች። «ከነአባቴ።» ከቁም ሣጥኑ ወረቀትና እርሳስ አወጣች፤ ተመልሳ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ መብራቱን አበራች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ይህቺን የዛሬዋን ልጽፋት ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ቅዳሜ ትሰማታለህ።»

ጎንበስ ብላ ጻፈች። ቀና ብላ አየችኝ። ጎንበስ ብላ ጻፈች። ቀና ብላ፣ ከጫማዬ እስከ ራስ ቅሌ፣ ሳትቸኩል አየችኝ። ጎንበስ አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ? መንፈሱ ይሻለኝ ነበር።